ስለ ኮሎምባር ነጭ ወይን፦ የአንድ ዓይነት ወይን ሁለት ጠርሙሶች ለምን ይህን ያህል ተለያዩ?

የለገጣፎው (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ለገጣፎ ነው። ባለቤቴና እኔ ቅዳሜ ምሽት ከራት ጋር ወይን የመቅመስ ልማድ አለን፤ አብዛኛውን ጊዜ የምንገዛው እዚሁ አገር የሚመረተውን ሲሆን፣ ከውጭ የሚገባው ዋጋው ስለማይቀመስ በዓል ካልሆነ አናነሳውም። በቅርቡ ግን በሰፈራችን ካለ የመጠጥ መሸጫ ከደቡብ አፍሪካ የመጣ፣ በመለያው ላይ የዝርያው ስም «ኮሎምባር» ተብሎ የተጻፈበት ነጭ ወይን አገኘን። በመደርደሪያው ላይ ከነበሩት የውጭ ወይኖች ሁሉ በዋጋ ዝቅተኛው እርሱ ነበር፤ አንድ ደህና የበዓል ዶሮ ከሚያወጣውም ያንሳል። ሻርዶኔንና ሶቪኞን ብላንክን በስም እናውቃለን፤ ይህን ዝርያ ግን ሰምተነው አናውቅም ነበር።

የመጀመሪያውን ጠርሙስ ስንከፍት ሁለታችንም ተገረምን። ቀለሙ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ፈዛዛ ቢጫ ነው። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫችን ስናስጠጋ የበሰለ ዘይቱን መዓዛ ቤቱን የሞላው እስኪመስል ድረስ አወደን፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከሥሩ አዲስ የተላጠ የሎሚ ልጣጭ የሚመስል ጠረን ብቅ አለ። መዓዛው ጣፋጭ መጠጥ እንድንጠብቅ አድርጎን ሳለ፣ ምላስ ላይ ሲያርፍ ግን ምንም ስኳር የለበትም፤ ምራቅን የሚጠራና አፍን የሚያጥብ ኮምጣጣነት ነው ያለው። ከተዋጠ በኋላ ጣዕሙ ብዙ አይቆይም፤ ይህ እንደ ጉድለት ሊቆጠር ቢችልም፣ በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ መዓዛ ያለው ነጭ ወይን ቀምሰን አናውቅም።

ጥቂት ሳምንታት ቆይተን ከዚያው ሱቅ ሁለተኛ ጠርሙስ ገዛን። መለያው አንድ ነው፤ አምራቹም አንድ ነው። ቀለሙ ግን ወደ ወርቃማነት ተጠግቷል፤ የዘይቱኑ መዓዛ ጠፍቶ በምትኩ ተቆርጦ ያደረ ፖም የሚመስል ጠረን መጥቷል። ኮምጣጣነቱ እንዳለ ሆኖ ሌላው ነገር ሁሉ ደብዝዟል። በዚያ ላይ ከጠርሙሱ ሥር እንደ ደቃቅ ጨው ወይም እንደ ተሰባበረ መስታወት የሚያብረቀርቅ ነገር ተቀምጦ ስላየን፣ የመጨረሻውን ብርጭቆ ለመጠጣት ፈርተን ደፋነው።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ይህ ልዩነት የመጣው ከዝርያው ጠባይ ነው ወይስ ከአያያዝ? ከሥር ያየነው ነገር ጉዳት ያመጣል ወይ? አንድ ጎረቤታችን ደግሞ ይህ ወይን ለአረቄ የሚተከል እንጂ ለጠረጴዛ የሚቀርብ አይደለም ብለውናልና፣ ስለዚህም የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳን ደስ ይለኛል። እኛ መዓዛውን ወደነዋል፤ እንደ መጀመሪያው ያለውን ጠርሙስ ለይቶ መግዛት የሚቻልበት መንገድ ካለ ማወቅ እንፈልጋለን።

ጓሮ ወይን (ሆለታ)

ጤና ይስጥልኝ፣ ወንድማችን። በአትክልትና ፍራፍሬ ሙያ የሠራሁ ስለሆንኩ ስለ ዝርያው የማውቀውን ልበል፤ ስለ አያያዙ ሌሎች ይጨምሩበታል።

ጎረቤትዎ የተናገሩት መሠረት የሌለው ነገር አይደለም፤ ነገር ግን የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው። ኮሎምባር የፈረንሳይ ዝርያ ነው፤ ትውልዱ በምዕራብ ፈረንሳይ ኮኛክ በሚጠመቅበት በሻራንት አካባቢ ነው። በዘረመል ምርመራ እንደተረጋገጠው ወላጆቹ ጉዌ ብላንክ እና ሼኒን ብላንክ ናቸው። ጉዌ ብላንክ የሻርዶኔም አንደኛው ወላጅ ስለሆነ፣ ያ በዋጋው የሚፈራው ሻርዶኔና ይህ ርካሹ ኮሎምባር በአንድ ወላጅ ወንድማማቾች ናቸው ማለት ነው። በዘር ሐረጉ የሚያፍርበት ነገር የለም።

ለአረቄ የተመረጠበት ምክንያት ደግሞ ዛሬ እርስዎ የወደዱለት ጠባይ ራሱ ነው። ለኮኛክና ለአርማኛክ የሚሆን ወይን አልኮሉ ዝቅ ያለ፣ አሲዱ ከፍ ያለ መሆን ይኖርበታል። ምክንያቱም ወይኑ ወደ ማጣሪያው ጋን እስኪገባ ድረስ ድኝ ነክ መከላከያ ሳይጨመርበት መቆየት አለበት፤ የተጨመረበት እንደሆነ ሲጣራ ያ ጠረን አብሮ ይጠነክራል። ስለዚህ ወይኑን ከመበላሸት የሚጠብቀው የራሱ ኮምጣጣነት ነው። ኮሎምባርና ፎል ብላንሽ የሚባለው ዝርያ ለዘመናት ይህን አገልግሎት ሲሰጡ ቆይተው፣ በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ፊሎክሴራ የተባለው የወይን ሥር የሚመጥ ነፍሳት ወደ ሻራንት ደርሶ እርሻውን ካጠፋው በኋላ፣ እንደገና ሲተከል ኡኒ ብላንክ ቦታቸውን ወሰደ። ዛሬ ከኮኛክ እርሻ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ኡኒ ብላንክ ነው። ኮሎምባር ግን በዚያው አልቀረም። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በጋስኮኝ፣ የአርማኛክ ገበያ ሲቀዘቅዝ ገበሬዎቹ ይህንኑ ዝርያ ወደ ቀላልና መዓዛማ ደረቅ ነጭ ወይን አዙረውታል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያም በ1980ዎቹ በእርሻ ስፋት ከነጭ ዝርያዎች ሁሉ ቀዳሚው እርሱ ነበር።

በደቡብ አፍሪካም ቢሆን ብርቅ ተክል አይደለም፤ በስፋት ከሚተከሉት ነጭ ዝርያዎች አንዱ ነው። ስሙ የማይታወቀው አብዛኛው ምርት ወደ ብራንዲ፣ ወይም ከሌላ ዝርያ ጋር ተቀላቅሎ ስሙ ወደማይነሳበት ርካሽ ወይን ስለሚሄድ ነው። የሚበቅለው በአብዛኛው እንደ ሮበርትሰን፣ ኦሊፋንትስ ወንዝና የታችኛው ኦሬንጅ ወንዝ ባሉ ሞቃት፣ በመስኖ በሚለሙ ሸለቆዎች ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ትልቅነቱ ይህ ይመስለኛል። የወይን ፍሬ በሞቃት አገር ሲበስል በውስጡ ያለው ማሊክ አሲድ በሙቀቱ እየተቃጠለ ያልቃል፤ ስኳሩ ሲያድግ ኮምጣጣነቱ ይወድቃል፣ የሚጠመቀውም ነጭ ወይን ለዛ ያጣል። ብዙ ታዋቂ ነጭ ዝርያዎች ቆላ ሲወርዱ የሚሸነፉት በዚህ ነው። ኮሎምባር ግን ፀሐይ ከበዛበት መሬት ላይም አሲዱን ይዞ ይበስላል። በተጨማሪም በመስኖ ብዙ ምርት ይሰጣል፤ ዋጋው ዝቅ ያለበትም ምክንያት ይኸው ነው እንጂ ጥራት ማነሱ ብቻ አይደለም።

የዘይቱኑን መዓዛ በተመለከተ፣ አፍንጫችሁ ትክክል ነው። ይህ መዓዛ ቲዮል ከሚባሉ ድኝ ነክ ውህዶች የሚመጣ ሲሆን፣ እነዚሁ ውህዶች በዘይቱንና በፓሽን ፍሩት ውስጥም ይገኛሉ። በፍሬው ውስጥ ያለው ጠረን አልባ መነሻቸው ነው፤ መዓዛውን የሚያወጣው በጥንሰሳው ጊዜ እርሾው ነው። ጥንሰሳው በቀዝቃዛ ጋን፣ ከ12 እስከ 16 ዲግሪ ባለ ሙቀት ውስጥ በዝግታ ካልተካሄደና ጭማቂው ከአየር ካልተጠበቀ መዓዛው ተኖ ይጠፋል። የማቀዝቀዣ ጋኖች ከመስፋፋታቸው በፊት ይህ ዝርያ ለአረቄ ብቻ የሚሆን ተደርጎ ይታይ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ጎረቤትዎ የሰሙት የዚያን ዘመን ወሬ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሴ «ከሁለቱም ነው» የሚል ነው። ቲዮሎች በተፈጥሯቸው በአየርና በሙቀት በቀላሉ የሚጠፉ ናቸው። ኮሎምባር በወጣትነቱ የሚጠጣ ወይን ነው፤ መከሩ ከተሰበሰበ በአንድ ዓመት ተኩል ጊዜ ውስጥ ቢጠጣ ደስ ያሰኛል፣ ከዚያ በኋላ መዓዛው ይከስማል። ጥሩ ሻርዶኔ ዓመታት ሊጠብቅ ይችላል፤ ይህኛው አይጠብቅም።

ደጋ ሰው (ሱሉልታ)

ጓሮ ወይን ከላይ ስለ ዝርያው በሚገባ ስላስረዱ እኔ ወደ አያያዙ ልግባ። ከውጭ የሚገቡ መጠጦች በሚከማቹበት መጋዘን ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ፤ የማየው ብልሽት አብዛኛው የሚደርሰው በመንገድና በመደርደሪያ ላይ ነው።

ወደ አገራችን የሚገባ ወይን አብዛኛው በመርከብ ጅቡቲ ይደርስና ከዚያ በከባድ መኪና የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ደጋ ይወጣል። በሐምሌና በነሐሴ እኛ እዚህ በጉም ተሸፍነን ጋቢ ስንደርብ፣ ጅቡቲ ላይ የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በታሸገ ኮንቴይነር ውስጥ ያለው ደግሞ ከዚያም ይብሳል። አንድ ጭነት በኅዳርና በታኅሣሥ ሲመጣና ሌላው ጭነት በክረምት ሲመጣ ወይኑ አንድ ሆኖ ሳለ በጠርሙሱ ውስጥ የሚደርሰው ነገር አንድ አይሆንም። ጠያቂያችን ከአንድ ሱቅ በተለያየ ጊዜ ስለገዙ ሁለቱ ጠርሙሶች ከተለያየ ጭነት የመጡ፣ ምናልባትም የተለያየ የመከር ዓመት ያላቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ቀለሙ ወደ ወርቃማ መሄዱና የፖም ጠረን መምጣቱ ወይኑ ከአየር ወይም ከሙቀት ጉዳት እንደደረሰበት ወይም ዕድሜው እንዳለፈ የሚያመለክቱ ግልጽ ምልክቶች ናቸው።

ከመግዛትዎ በፊት ጠርሙሱን በእጅዎ ይዘው የሚያዩአቸው ነገሮች አሉ። በመጀመሪያ የመከሩን ዓመት ይመልከቱ። በደቡብ አፍሪካ ወይን የሚለቀመው ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ መለያው ላይ 2024 ካለ፣ በእኛ አቆጣጠር 2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ የተለቀመ ነው ማለት ነው። የፈረንሳይ ወይን ሆኖ 2024 ቢል ግን የተለቀመው በመስከረም ገደማ ስለሆነ፣ በአንድ ዓመት ቁጥር ሥር የስድስት ወር ያህል የዕድሜ ልዩነት አለ። ቶሎ ለሚያረጅ እንደ ኮሎምባር ላለ ወይን ስድስት ወር ቀላል አይደለም። የመከር ዓመት ጨርሶ ያልተጻፈበትን ርካሽ ነጭ ወይን እኔ አልገዛም።

ቀጥሎ ክዳኑን ይዩ። ቡሽ ከሆነ፣ ቡሹ ከአፉ ትንሽ ከፍ ብሎ የወጣ ወይም አንገቱ ላይ የደረቀ የሚያጣብቅ ነገር ያለበት ጠርሙስ በመንገድ ላይ የፈላ ነውና ይተውት። ወይኑ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ቡሹንም ይገፋዋል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። በእጅ ተጠምዝዞ የሚከፈት የብረት ክዳን ያለው ብዙ ሰው ርካሽ ይመስለዋል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ነጭ ወይን ግን አየር የማያስገባ በመሆኑ ከቡሽ የሚመረጥ ነው።

ሌላው ብርሃን ነው። በዚህ ከፍታ ላይ ፀሐይ ከቆላው ይልቅ ኃይለኛ ናት። ባለሱቆች ጠርሙሱን ለማሳመር ብለው በመስኮት በኩል ይደረድሩታል፤ ጠርሙሱ ነጭ መስታወት ከሆነ ደግሞ ወይኑ በቀናት ውስጥ የተቀቀለ ጎመን ወይም እርጥብ ሱፍ የሚመስል ጠረን ይይዛል። አረንጓዴ ጠርሙስ በመጠኑ ይከላከላል። ስለዚህ ባለሱቁን በትሕትና ጠይቀው ከጓዳ፣ ካልተከፈተ ካርቶን ውስጥ እንዲያወጣልዎ ቢያደርጉ ይሻላል፤ እኔ ሁልጊዜ የማደርገው ይህንኑ ነው፣ እስካሁን እምቢ ያለኝም የለም።

ከሥር ስላዩት ብልጭልጭ ነገር ምንም አይስጉ፤ መስታወት አይደለም። በወይን ውስጥ የሚገኘው ታርታሪክ አሲድ ከፖታሲየም ጋር ተያይዞ ሲቀዘቅዝ እንደ ጨው ይረጋል። አሲዱ ከፍ ባለ ወይን ላይ፣ በተለይም እንደ እኛ ሰፈር ሌሊቱ በሚበርድበት ቦታ ሲቀመጥ መታየቱ የተለመደ ነው። ይኸው ነገር ተጣርቶ በዳቦ ቤቶች ለኬክ ማስነሻ ዱቄት ይውላል። በጣትዎ ቢነኩት ይፈረፍራል፣ ቢቀምሱት ይኮመጥጣል። የመጨረሻውን ብርጭቆ ቀስ አድርጎ መቅዳት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ባልትና ቤት (ሰበታ)

እኔ ደግሞ ወንድሞቼ ወዳላነሱት ወደ ማዕዱ ልምጣ፤ ጠያቂያችን ከምን ምግብ ጋር እንደቀመሱት አልነገሩንምና።

ወይንን ከምግባችን ጋር ስናዛምድ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እንጀራው ነው። ሰው ሁሉ ስለ በርበሬው ይጨነቃል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ጉርሻ ውስጥ የሚገባው ኮምጣጣ እንጀራ ነው። ሦስትና አራት ቀን የቦካ ሊጥ የሚሰጠው አሲድ ቀላል አይደለም። ወይኑ ከምግቡ ያነሰ ኮምጣጣነት ካለው ምላስ ላይ ውኃ ይሆናል፤ ለብቻው ሲጠጣ ደህና የነበረው ከእንጀራ ጋር ሲሆን ጣዕም ያጣል። በሞቃት አገር የበሰለ ለስላሳ ሻርዶኔ ከእንጀራ ጋር የማይሆንልኝ በዚህ ምክንያት ነው። ኮሎምባር ግን የራሱ ኮምጣጣነት ስላለው ከእንጀራው ጋር እኩል ይቆማል፤ የፍሬው መዓዛም አብሮ ይሰማል። በአዋቂዎች ዘንድ እንደ ተራ ወይን ቢቆጠርም፣ በእኛ ገበታ ላይ ግን ከብዙ ባለስም ወይኖች ይልቅ የሚያገለግል ይመስለኛል።

ስለ በርበሬውም ቢሆን ይህ ወይን ጥቅም አለው። አልኮል የበርበሬን ቃጠሎ ያባብሳል፤ 14 ከመቶና ከዚያ በላይ አልኮል ያለው ወይን ከቀይ ወጥ ጋር አፍን እሳት ያደርጋል። ደረቅ ቀይ ወይን ደግሞ በልጣጩ ካለው ማጣበቅ የተነሳ ከሚጥሚጣ ጋር ይመራል። ኮሎምባር አብዛኛውን ጊዜ አልኮሉ ከ11 እስከ 12.5 ከመቶ አካባቢ ነው፤ የሚያጣብቅ ነገርም የለበትም።

እኔ በቤቴ ከሁሉ የተስማማኝ ከተጠበሰ ቆሮሶ ጋር ነው። ዓሣው ሙሉውን በጎንና ጎን ተተልትሎ፣ ጨውና ሎሚ ብቻ ነክቶት በጋለ ዘይት ይጠበሳል፤ ጫፉ ሲንኮሻኮሽ ወጥቶ ከአረንጓዴ ቃሪያ ዳጣ ጋር ይቀርባል። ቅባቱን የወይኑ ኮምጣጣነት ያጥበዋል፤ በዳጣው ውስጥ ያለው በሶብላና ዝንጅብል ደግሞ ከዘይቱኑ መዓዛ ጋር ይገጥማል። ከአልጫ ክክና ከጎመን ጋርም ጥሩ ነው። ከክትፎ ጋር ሞክሬው ግን አልወደድኩትም፤ የንጥር ቅቤው ኮረሪማ መዓዛውን ይውጠዋል።

የለገጣፎው (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባልትና ቤት እንደጠየቁት፣ የመጀመሪያውን የቀመስነው ከዓሣ ጉላሽ ጋር ነበር፤ ሁለተኛውን ግን ከዶሮ ወጥ ጋር ስለሆነ ምናልባት ይህም አስተዋጽኦ አድርጎ ይሆናል። ይሁንና ወይኑን ከምግቡ በፊት ለብቻው ስናሸትተውም መዓዛ አልነበረውም።

ሁለት ነገሮች ልጨምር። ለዶሮ ወጥ የሚሆን ነጭ ወይን አለ ወይ? ሌላው ደግሞ ስለ ቅዝቃዜው ነው፤ ሁለተኛውን ጠርሙስ ከማቀዝቀዣ አውጥተን ወዲያው ነው የቀዳነው። በእኛ በኩል መብራት ስለሚቆራረጥ የማቀዝቀዣውን ቅዝቃዜ ከፍ አድርገን ነው የምንተወው።

የጠጅ ወዳጅ (ቡራዩ)

ለዶሮ ወጥ ደረቅ ነጭ ወይን አይስማማም የሚል አቋም አለኝ፤ ባልትና ቤት ስለ ኮምጣጣነት ያሉትን ባከብርም። አያቶቻችን ዶሮ ወጥን ከጠጅ ጋር ያቀረቡት በከንቱ አይደለም። በጠጁ ውስጥ የቀረው የማር ጣፋጭነት የበርበሬውን ቃጠሎ ያለዝባል፣ ለረጅም ሰዓት የበሰለው ሽንኩርት የሰጠው ጣፋጭነትም ከእርሱ ጋር ይስማማል። ደረቅ ወይን በዚያ ጣፋጭነት ፊት ሲቀርብ የበለጠ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ለዶሮ ወጥ የሚሆነው መጠነኛ ጣፋጭነት ያለው ነጭ ወይን፣ ለምሳሌ ስኳሩ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ጥንሰሳው የተቋረጠ ሼኒን ብላንክ፣ ወይም እዚሁ አገር ከሚመረቱት ለስላሳ ነጮች አንዱ ነው። ኮሎምባርም በዚህ አኳኋን ሲጠመቅ አይቻለሁ፤ ጠያቂያችን መለያውን ሲያዩ ደረቅ ወይም ከፊል ጣፋጭ መሆኑን ያረጋግጡ።

ባልትና ቤት (ሰበታ)

በዶሮ ወጥ ላይ ከጠጅ ወዳጅ ጋር እስማማለሁ፤ እኔም ለበዓል የማቀርበው ጠጅ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ጣፋጭ ወይንም ቢሆን አሲድ ከሌለው ከእንጀራ ጋር ስኳር ውኃ ይሆናል። ሼኒን ብላንክን የመረጡት ደግ አድርገዋል፤ እርሱም ኮምጣጣነቱን የሚጠብቅ ነው፣ የኮሎምባር ወላጅ መሆኑንም ጓሮ ወይን ነግረውናል።

ጓሮ ወይን (ሆለታ)

ውይይቱ ስለ አገር ምርት ስለነካ አንድ ሐሳብ ላንሳ። በባቱ በካስቴል እርሻ የተተከሉት ዝርያዎች ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን እና ሻርዶኔ ናቸው፤ «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሲያ» በሚል ስም በ2014 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረቡት ከእነዚህ የተጠመቁት ናቸው። ነጩ ሻርዶኔ ነው። ባቱ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ይህም ለአሲዱ ይጠቅማል። ነገር ግን እንደ እኛ ባለ ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ወይን እንደ አውሮፓው በክረምት ተኝቶ አይነሳም፤ ገበሬው በገረዘው ጊዜ ነው የሚያቆጠቁጠው፣ ስለዚህ ያለ ክረምት ዕረፍት የሚሆንና ሙቀትን የሚችል ዝርያ መምረጥ ያስፈልጋል። ኮሎምባር በሙቀት አሲዱን የሚይዝና ምርቱም የበዛ በመሆኑ በስምጥ ሸለቆ ወይም በአዋሽ ተፋሰስ ቢሞከር የሚያዋጣ ይመስለኛል። ዋጋውም ለእኛ ኪስ የሚሆን ነጭ ወይን ይወጣው ነበር። ታዋቂ ስም ያላቸውን ዝርያዎች ብቻ መትከል ለመለያው ያምራል፤ ለእንጀራችን ግን ይህኛው ይቀርባል።

ሌላው፣ ጠያቂያችን ሲገዙ «ኮሎምባር» ብቻ የሚለውንና ሁለት ስም ያለበትን ይለዩ። በደቡብ አፍሪካ ሕግ አንድ ዝርያ ብቻ ከተጻፈ ቢያንስ 85 በመቶው ከዚያ ዝርያ መሆን አለበት። ኮሎምባርና ሻርዶኔ የተቀላቀሉበት በብዛት ይሸጣል፤ መጥፎ አይደለም፣ ከፍ ያለ ውፍረትም አለው፣ የዘይቱኑ መዓዛ ግን ይቀንሳል።

ደጋ ሰው (ሱሉልታ)

ስለ ቅዝቃዜው፦ የቤት ማቀዝቀዣ ወደ 4 ዲግሪ ይጠጋል፤ ከፍ ተደርጎ ከተተወ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። በዚያ ቅዝቃዜ የየትኛውም ወይን መዓዛ ይታሰራል፣ የሚቀረው ኮምጣጣነቱ ብቻ ነው። ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ተስማሚ ነው። ጠርሙሱን ከመቅዳትዎ በፊት ሃያ ደቂቃ ያህል ጠረጴዛ ላይ ያቆዩት፤ ብርጭቆውን ከሲሶ በላይ አይሙሉት፣ መዓዛው የሚሰበሰብበት ባዶ ቦታ ያስፈልገዋልና። መብራት ከሌለ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት የእኛ የደጋ ሌሊት ከማቀዝቀዣ አያንስም፤ ጠርሙሱ በረንዳ ላይ፣ ጠዋት ፀሐይ በማያገኘው በኩል ቢያድር ይበቃዋል። ፀሐይ ሳያገኘው ጠዋት ወደ ቤት አስገብተው በብርድ ልብስ ቢጠቀልሉት እስከ ምሳ ቅዝቃዜውን ይይዛል።

ሁለተኛው ጠርሙስ ግን በቅዝቃዜ ብቻ ተሳብቦ የሚታለፍ አይመስለኝም፤ ቀለሙ የተለወጠ ወይን ሲሞቅም መዓዛው አይመለስም።

የለገጣፎው (ጠያቂ)

በጣም ግልጽ ሆነልኝ። ባዶውን ሁለተኛ ጠርሙስ ስላልጣልነው አሁን አየሁት፤ የመከሩ ዓመት ከመጀመሪያው በሁለት ዓመት ይቀድማል። የተከፈተ ጠርሙስ ከተረፈስ ምን ያህል ይቆያል?

ደጋ ሰው (ሱሉልታ)

ክዳኑ በደንብ ተዘግቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከገባ እስከ ሁለት ቀን፤ መዓዛው በሁለተኛው ቀን መቀነሱ አይቀርም። ከዚያ የተረፈውን ባልትና ቤት ለዓሣ ጉላሽ ቢያደርጉት ይሻላል ይሉ ይሆናል።

ባልትና ቤት (ሰበታ)

እላለሁ እንጂ። ሽንኩርቱ ከበሰለ በኋላ፣ ቲማቲሙ ከመግባቱ በፊት አንድ የሻይ ብርጭቆ ጨምረው ክፍት አድርገው ያንተክትኩት፤ ጠረኑ ከወጣለት በኋላ ነው ዓሣው የሚገባው።